የቱንቢ ጥላ

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ገና ምልምል ፖሊስ ሳለሁ፣ የጣቢያውን የጓሮ በር ስጠብቅ አንድ ወሬ ሰማሁ። ከግንቡ ማዶ አግዳሚ ወንበር አለ። ሁለት ሰዎች ተቀምጠውበታል፤ ፊታቸውን አላየሁም። የአንዱ ድምፅ ይንቀጠቀጣል።

«ቀና ብሎ አያትና ሳቀ» አለ። «አውሮፕላኗን… ተመልሳ ስትመጣ ግን እሱ…»

«ያየ የለም» አለው ሌላው፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ረጋ ብሎ።

ከዚያ የጭነት መኪና አለፈና የቀረውን ዋጠው። መኪናው ሲርቅ ወንበሩ ባዶ ነበር።

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። የቀረውን ያስተማሩኝ ከሰው የተዋስኳቸው መጻሕፍትና ጆሮዬ ናቸው። ጆሮ ግን ቀዳዳ ጎተራ ነው፤ ግማሹን ያፈሳል። ያቺን ግማሽ ወሬ የት እንደማስቀምጣት ሳላውቅ፣ መርማሪ ከሆንኩም በኋላ ይዣት ዞርኩ።

*

ባለፈው ሰኞ የጡብ ፋብሪካው አዲስ ገዢ ለትልቅ ማሽን መሠረት ሊያወጣ የአሮጌውን መጋዘን ወለል አስፈነቀለ። አራት ሜትር ላይ የሰው አጥንት ተገኘ። ስደርስ ሠራተኞቹ አካፋቸውን አጋድመው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። እኔም በልቤ አንዲት አጭር ጸሎት አድርሼ ወረድኩ።

ከአጥንቱ ጋር ሦስት ሜትር የሚሆን የናይለን ገመድ ነበር። አንዱ ጫፍ በደንብ የታሰረ ቋጠሮ፤ ሌላው ጫፍ በስለት የተቆረጠ። የተበጠሰ ገመድ ይንጨፈረራል፤ ይህ አልተንጨፈረረም።

«ወንድ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «ከሃያ ዓመት በላይ ይሆነዋል። ስሙን ግን ከእኔ አትጠብቅ። የሥጋ ዘመዱን ካመጣህልኝ ላወዳድር።»

የዚያን ዘመን መዝገብ አገላበጥኩ። በሠፈሩ የጠፋ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ቱንቢ የሚሉት ጉድጓድ ቆፋሪ። ሚስቱ አመልክታለች። ከማመልከቻዋ ግርጌ በቀይ እስክርቢቶ «ቤቱን ጥሎ የሄደ» ተብሎ ተዘግቷል። ያቺን ቀይ መስመር ሳይ አፈርኩ፤ በዚያ ጣቢያ በር ላይ የቆምኩት እኔው ነኝና።

*

የቱንቢ ሚስት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ስገባ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም።

«ዘመድ የለውም» አለችኝ። «እናት አባቱ አልፈዋል፤ ልጅም አልሰጠን። ያለሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እትዬ፣ አጥንቱን ተረክበሽ…»

መርፌው ቆመ።

«ስማኝ ወንድሜ። ባሌ ሠላሳ አንድ ጉድጓድ ቆፍሯል። ሠላሳ አንዱም ዛሬ ውሃ ይሰጣሉ፤ አንድም ጠማማ የለም። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ናቸው፤ ቱንቢ፣ ያ በክር የሚንጠለጠለው ነሐስ፣ ከላይ ሲጣል ክሩ ግድግዳ አይነካም ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው እናንተ ‹ቤቱን ጥሎ የሄደ› ብላችሁ ጻፋችሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤት በሽሙጥ ‹ደብዳቤ መጣ ወይ?› ይለኛል። አሁን ደግሞ የማን እንደሆነ እንኳ ያልታወቀ አጥንት ይዘህ መጣህ።»

«የእሱ ይመስለኛል።»

«መምሰል አልቀብርም። መጀመሪያ የጻፋችሁትን ሰርዙ። ከዚያ ባሌን በቁሙ አሳየኝ፤ ያን ጊዜ እቀብረዋለሁ።»

የሞተን ሰው በቁሙ እንዴት አሳያለሁ? ተነሳሁ። በሩ ላይ ስደርስ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ጨመረች፦

«ያን ሳምንት የካርታ ሥራ ቤቱ አውሮፕላን በየጠዋቱ ትዞር ነበር። ‹ዛሬ ፎቶ ታነሳኛለች፣ ደህና አድርጌ ልታጠብ› ብሎ ቀልዶብኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

እጄ መዝጊያው ላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብሎ አያትና ሳቀ። ያቺ ግማሽ ወሬ ቦታዋን አገኘች።

*

የቀድሞው ባለፋብሪካ ሰማንያ ሊሞላው ነው። ሠፈርተኛው ሁሉ ጋሼ ይለዋል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጽጌረዳውን ይከረክም ነበር።

«ቱንቢ? አስታውሰዋለሁ። ጎበዝ ሠራተኛ፣ ግን እግሩ ቀላል። ጉድጓዱ ውሃ እምቢ አለው፤ ጥሎት ሄደ፤ እኔም አስደፈንኩት።»

«የት ነበር ጉድጓዱ፣ ጋሼ?»

«በስተምዕራብ፣ አጥሩ ሥር። መጋዘኑ ያረፈበትማ የአፈር ቁልል ነበር። አጥንቱ የጥንት መቃብር ይሆናል፤ አፈር ስንቱን ይዟል!»

«ያን ቀን ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሸክላ አፈር የምናወጣበት ጉብታ ላይ፣ ከዶዘሬ ጋር፣ እስከ እኩለ ቀን።» ፈገግ አለ። «በአገሩ ሁሉ አንድ ዶዘር እሷ ነበረች። ከእኔ በቀር መሪዋን የነካ ሰው የለም። ሚስቴ እንኳ ቀንታባት ነበር!»

ሳቅን። የተናገረውን ቃል በቃል ጻፍኩና አስፈረምኩት። በኩራት ፈረመ።

*

የቱንቢ የሥራ ጓደኛ ባለገመዱ ይባል ነበር። ቱንቢ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ገመዱን የሚይዘው እሱ ነው። አሁን የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆኗል። የገመዱን ፎቶ አሳየሁት።

«ቋጠሮው የማን ነው?»

«የእኔ… የእኔ ይመስላል።»

«ያን ቀን የት ነበርክ?»

«አሞኝ ቤት ተኝቼ ነበር።»

«ታዲያ አውሮፕላኗን አይቶ መሳቁን በምን አወቅክ?»

ሙከራ ነበር። ድምፁ የዚያን ዘመን ድምፅ ይሁን አይሁን ጆሮዬ እርግጠኛ አልሆነም። እሱ ግን አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። 

አለቃዬ ነገሩን ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ። «ቋጠሮው የእሱ፣ ውሸቱ የእሱ! ምን ትጠብቃለህ?»

«አውሮፕላኗን» አልኩት።

*

የካርታ ሥራ ቤቱ ያን ጠዋት የተነሱትን ፎቶዎች በቆርቆሮ ሣጥን አስቀምጧቸዋል። የፎቶ ንባብ ባለሙያው ወጣት፣ ፈጣንና ትሁት ነው። ከመሬቱ በላይ እየገፋች ስትሄድ አውሮፕላኗ አንዱን ቦታ ደጋግማ እንደምታነሳ አስረዳኝ። ጎን ለጎን የተነሱትን ሁለት ፎቶዎች አንዱን ለግራ ዓይን፣ አንዱን ለቀኝ ዓይን ሲሰጧቸው መሬቱ ይነሳል፤ ጉብታው ጉብታ፣ ገደሉ ገደል ይሆናል። የፋብሪካውን ግቢ ቆርጦ ኮምፒውተሩ ላይ አወጣ፤ አንድ መስታወቱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ የሆነ መነጽር አደረገና በግማሽ ቀን ጨረሰ።

«ጉድጓዱ በምዕራብ፣ አጥሩ ሥር ነው። በምሥራቅ፣ ኋላ መጋዘን የተሠራበት ላይ፣ የአፈር ቁልል ነው ያለው።»

ልክ ባለፋብሪካው እንዳለው። አጥንቱ የተገኘው በምሥራቅ ነው፤ እንግዲህ ከቱንቢ ጉድጓድ ጋር አይገናኝም ማለት ነው።

«መዝገቡን ዝጋው» አለኝ አለቃዬ በስልክ። «የጥንት መቃብር ነው።»

ፊቴን አይቶ ወጣቱ አዘነልኝ። «እኔን ካላመኑ አሞራን ይጠይቋት» አለ እየሳቀ። «ሠላሳ ዓመት ይህን ወንበር የያዘችው እሷ ናት። ግን አንድ ዓይኗ ጠፍቷል። በአንድ ዓይን ደግሞ ሁለት ፎቶ አይነበብም።»

*

አሞራ በሩን የከፈተችልኝ እጇ ላይ ዱቄት እንዳለ ነው።

«ስሙን ለስድብ ነበር ያወጡልኝ» አለችኝ፣ ስሟን ማን እንደነገረኝ ስነግራት። «ሁሉን ከላይ ታያለች ብለው። እኔ ግን ማዕረግ አደረግኩት። ግባ።»

እጇን ታጥባ ያመጣሁትን አንዱን ፎቶ መስኮቱ ሥር ዘረጋችው። ሳታነብ በፊት አዞረችው፤ ጥቂት፣ ደግሞ ጥቂት፣ የቤቱና የዛፉ ጥላ ሁሉ ወደ ደረቷ እስኪወድቅ ድረስ።

«የመጀመሪያው ሕግ ይሄ ነው። ጥላ ወደ አንባቢው ይውደቅ። አለዚያ ዓይን ይዋሻል፤ ደግሞ ሲዋሽ እየማለ ነው።»

«ወጣቱ ቁልል ነው ያለው እዚህ ጋ ነው» ብዬ ምሥራቁን አሳየኋት።

ሁለት የሻይ ሣህኖች አመጣች፤ አንዱን በጀርባው ደፋች፣ አንዱን በሆዱ አስቀመጠች።

«ብርሃኑ ከመስኮቱ ነው የሚመጣው። የተደፋው ሣህን የት ነው የጠቆረው?»

«ከመስኮቱ በራቀው በኩል።»

«ሆዱን የከፈተውስ?»

ጎንበስ አልኩ። «ለመስኮቱ በቀረበው በኩል።»

«ጎበዝ። ቁልል ለፀሐይ ጀርባውን የሰጠው ወገኑ ይጠቁራል፤ ጉድጓድ ፀሐይ ያለችበት ወገኑ ይጠቁራል። ፎቶው የጠዋት ነው፤ ፀሐይ በምሥራቅ ናት። የጭስ ማውጫውን እይ፣ ጥላው ወደ ምዕራብ ተጋድሟል።» ማጉያ መነጽሩን ሰጠችኝ። «አሁን የአንተን ቦታ እይ። ጥቁሩ በየት ነው?»

የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ክብ ነበረች። የጠቆረችው በምሥራቅ ወገኗ ነው።

«ጉድጓድ!» አልኩ። አጥሩ ሥር ያለውን ሌላውን አየሁ፤ በምዕራቡ ጠቁሯል። ቁልል። ሁሉም ተገልብጧል።

«አንድ ዓይን ነው ያለኝ» አለች መነጽሩን እየተቀበለችኝ። «ለእውነት ግን አንድ ይበቃል። ሸማዬን ልልበስና እንሂድ።»

*

ወጣቱ ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ።

«ቁጭ በል ልጄ» አለችው። «ግቢውን ብቻ ቆርጠህ ነው ያየኸው። እስቲ ሙሉውን ፎቶ አውጣልኝ። ወንዙስ እንዴት ነው የሚሄደው?»

መነጽሩን አድርጎ ሙሉውን አወጣ። ፈጥኖ የነበረው እጁ ቀስ አለ፤ ከዚያ ጭራሽ ቆመ።

«ወንዙ…» አለ።

«እ?»

«ተራራ አናት ላይ ነው የሚሄደው።»

«እንዲህ ያለ ወንዝ አይተህ ታውቃለህ?»

ፊቱ ቀላ። የግራውን ፎቶ ለቀኝ ዓይን፣ የቀኙን ለግራ ሰጥቶ ነበር። እንደዚያ ሲሆን ምድር ትገለበጣለች፤ ሸለቆ ይቆማል፣ ተራራ ይሰምጣል። የእሱ ስህተትና የባለፋብሪካው ውሸት ሳይተዋወቁ ተቃቅፈው ነበር።

«አጥፍቻለሁ» አለ ቀጥ ብሎ። «ሪፖርቱን ዛሬውኑ አርሜ በስሜ እፈርማለሁ።»

አሞራ ትከሻውን ነካ አደረገችው። «እኔ በወጣትነቴ አንድ ከተማ ሙሉ ገልብጬ አውቃለሁ። ከንቲባው ጉድጓድ ውስጥ ሲኖር ሦስት ቀን አልነቃሁም። ቀጥል። የዚህ የበረራ መስመር ሰዓት ስንት ይላል?»

በእያንዳንዱ ፎቶ ጠርዝ ላይ ካሜራው አብሮ የሚያነሳት ትንሽ ሰዓት አለች። ሁለት ሰዓት ከአሥር ትላለች። አውሮፕላኗ ጥግ ደርሳ ዞራ፣ ሌላ ሌላውን መስመር ጨርሳ፣ ግቢውን በጎን በኩል ደግማ አንስታዋለች። የዚያኛው ሰዓት፦ ሁለት ከሃምሳ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጋቸው። እኔ በጆሮዬ ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት ግማሽ ወሬ በዓይኔ ፊት ሞላ።

በመጀመሪያው ፎቶ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል። በላዩ ሦስት እግር ያለው የእንጨት መቆሚያ የገመዱን መዘውር፣ በከራውን፣ ይዞ ቆሟል፤ ጥላው እንደ ዶሮ እግር ተዘርግቷል። አጠገቡ ሁለት የሰው ጥላዎች አሉ። «ሰው ከላይ ሲታይ ነጥብ ነው» አለች አሞራ፤ «ሰው መሆኑ የሚታወቀው በጥላው ነው።»

በሁለተኛው ፎቶ ጉድጓድ የለም። ቁልሉም የለም። መቆሚያው ተጋድሟል። ከሸክላ አፈሩ ጉብታ የተነሱ ሁለት ትይዩ ነጫጭ መስመሮች በቀጥታ ወደ ቦታው መጥተዋል፤ ጫፋቸው ላይ ሰፊ ምላጭ ከፊቱ የያዘ አራት ማዕዘን ነገር ቆሟል።

«ዶዘር» አለ ወጣቱ።

ከእኔ በቀር መሪዋን የነካ ሰው የለም። ፊርማው በኪሴ ነበር።

«አርባ ደቂቃ» አለች አሞራ ቀስ ብላ። 

*

ባለገመዱን አላስፈራራሁትም። ሁለቱን ፎቶዎች ፊቱ አደረግኩና ዝም አልኩ። ዝምታ ትዕግሥት ላለው ሰው ጥሩ መርማሪ ነው።

«በከራው ጋ ያለሁት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ያ ለብቻው የቆመው እሱ ነው። አውሮፕላኗን አይቶ ሳቀና ወረደ። ግድግዳውን የሚደግፍ የሲሚንቶ ቀለበት ስጡን ብሎ ጋሼን ስንት ቀን ለምኗቸዋል፤ ‹ነገ፣ ነገ› ይሉታል። አራት ሜትር አልፎ ሲቆፍር ግድግዳው ተናደ።»

«ሞተ?»

በአሉታ ራሱን ነቀነቀ። «ገመዱ በእጄ ነበር። ሦስት ጊዜ ጎተተ። የእኛ ምልክት ነው፤ ሦስት ጊዜ ‹አውጣኝ› ማለት ነው። እየሮጥኩ ሄጄ ጋሼን ጠራኋቸው፤ በዶዘሯ መጡ። ሊያወጡት መስሎኝ! ‹ይህ ከተሰማ ፋብሪካው ይዘጋል› አሉ። ገመዱን በቢላ ቆረጡት። አፈሩን ገፉበት። አውሮፕላኗ ስትመለስ እሳቸው ቀና እንኳ አላሉም።»

«አንተስ?»

«‹ገመዱ ያንተ፣ እጁ ያንተ፤ ብትናገር አንተ ነህ የገደልከው› አሉኝ። ልናገር ጣቢያው ድረስ ብሄድ ተከትለውኝ መጥተው፣ ጓሮው ተቀምጠን። ‹ያየ የለም› አሉኝ።»

እዚያ ነበርኩ። ከግንቡ ማዶ። ይህን አልነገርኩትም፤ ለፈጣሪዬ ግን ነገርኩት።

ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ ከነክሩ የነሐስ ቱንቢ። «ሲወርድ ከላይ እኔ ነኝ የምጥለው። ልጥለው አልቻልኩም፤ ልሰጣትም አልቻልኩም።» ቃሉን ሙሉ ሰጥቶ ፈረመ።

ባለፋብሪካው ፎቶውን ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የገዛ ፊርማውን አሳየሁት። መቀሱን ጽጌረዳው ሥር አስቀምጦ ተከተለኝ።

*

ለቱንቢ ሚስት መጀመሪያ መዝገቡን ከፈትኩላት። ቀዩ መስመር ተሰርዟል። ከበላዩ በአለቃዬ ፊርማ «በሥራው ላይ ሳለ የተገደለ» ይላል። በጣቷ ተከትላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ከባለገመዱ የተረከብኩትን ቱንቢ አጠገቧ አኖርኩላት። አሞራ አብራኝ መጥታ ነበር። ፎቶውን ስፌት መኪናው ላይ ዘረጋች፤ ጥላው ወደ ሴትየዋ እስኪወድቅ አዞረችውና ማጉያውን ሰጠቻት።

«አላይም» አለች የቱንቢ ሚስት።

«ገና ደህና ነው በዚህ» አልኳት። «ሊወርድ ነው። ሌላኛውን አላመጣሁትም።»

ማጉያውን ይዛ ጎንበስ አለች። 

«የትኛው ነው?»

«ከሁለቱ…» ልል ስል አሞራ እጄን ያዘችኝ።

«አትንገሩኝ» አለች ሚስትየው። «ይሄ ነው። ይሄኛው ገመድ ላይ ጎብጧል። ይሄ ግን እዩት፤ ክር የመሰለው! ቱንቢ ባይሆን ማን እንዲህ ይቆማል?» ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነው፤ አንገቷ ግን ቀጥ ብሏል። ነሐሱን ከነክሩ አንስታ በጣቷ አንጠለጠለችው፤ ሲወዛወዝ ቆይቶ ረጋ።

«ለጎረቤቶቼ ይህን ፎቶ ላሳያቸው?»

«የራስሽ ነው» አላት ከበሩ ላይ አንድ ድምፅ። ወጣቱ ነበር፤ ትልቅ አድርጎ አሳትሞት፣ በፖስታ ይዞ ቆሟል።

ፖስታውን ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እሺ» አለች። «ነገ መጥቼ እረከበዋለሁ። እቀብረዋለሁ። ለቆፋሪዎቹ ግን ንገርልኝ፤ ይህን ቱንቢ ይዤ መጥቼ ጉድጓዱን እለካለሁ። ከጠመመ እንደገና ነው የሚቆፍሩት።»